ሰንበት ተማሪዎቹ ያደሷቸው ሁለት ቤቶች፦ ዝናብ ከፈተናቸው በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ጅማ መርካቶ አካባቢ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም እሸጣለሁ። ሱቁ የአባቴ ነበር። አባቴ አናጢ ስለነበረ ጣሪያ ሲመታ እያየሁ ነው ያደግኩት። ይህን ቀድሜ የምናገረው የታደሰ ቤት ሳይ ዓይኔ የሚያርፍበት ቦታ ስለሚለይ ነው። ሰው ቀለሙን ያያል። እኔ ሚስማሩ የት ላይ እንዳረፈ አያለሁ።

ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሁለት ቤት አደሱ። አንዱ ከአጥሬ ጀርባ የሚኖሩት የእማማ ቤት ነው። ሌላው ከመንገዱ ማዶ ያለው የሐጂ ቤት ነው። ያኔውኑ ጻፊ ያሉኝ ነበሩ። እምቢ አልኩ። በታደሰ ማግስት የማያምር ቤት የለም። አሁን ግን ክረምቱም በጋውም አልፏል፣ የበልጉም ዝናብ ደህና አድርጎ ወርዶባቸዋል። የጅማን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አሁን መናገር ይቻላል።

ፍርዴን አላቆይም። ጥሩ አገልግሎት ነው። ቤቱ የሚያፈስበት አቅመ ደካማ ጎረቤት ካላችሁ ሳታመነቱ ጠቁሙ። መስተካከል ያለበት ነገርም አለ፣ እሱንም እጽፋለሁ። ልጆቹ ራሳቸው ጻፊው ብለውኛል።

ከአመጣጣቸው ልጀምር። ከዚያ በፊት እማማ ዘንድ ሌሎች ሰዎች መጥተው ያውቃሉ። እነማን እንደሆኑ ይቅር። መኮሮኒና ዘይት ይዘው መጡ፣ እማማን በራፋቸው ላይ አቁመው ፎቶ አነሱ፣ ሄዱ። እማማ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው እንደቆሙ አሁንም ይታየኛል። ዘይቱን ተጠቀሙበት፣ መኮሮኒውን ለጎረቤት ልጆች ሰጡት። ጣሪያው እንደሆነ ማፍሰሱን ቀጠለ።

እነዚህኞቹ በእድር በኩል ነው የመጡት። የእድራችንን ሰብሳቢ ፈልገው «በሰፈሩ በጣም የተቸገረው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆነ አልጠየቁም። ከዚያ ሰኔ ላይ ሦስት ልጆች መጥተው እማማ ቤት ቁጭ አሉ። ቡና ተፈላላቸው። አንዷ ደብተር ይዛለች። «እማማ፣ ከቤቱ በጣም የሚያስቸግርዎ የቱ ነው?» አለቻቸው። እኛ ጎረቤቶቹ ጣሪያው ነው የሚሉ መስሎን ነበር። እማማ «ሽንት ቤቱ» አሉ። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው። ማታ ማታ በጭቃው ተንሸራትቼ እወድቃለሁ ብለው ይፈሩ ነበር። ፈርተውም ከአሥር ሰዓት በኋላ ውሃ መጠጣት ትተው ነበር። እኔ ከአጥር ጀርባ እየኖርኩ ይህን አላውቅም። ልጅቷ ጻፈችው።

ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የተሠራው ታዲያ ያ መንገድ ነው። ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ድንጋይ ነጠፈ። እማማ እየያዙ የሚሄዱበት አጣና በወገባቸው ልክ ግራና ቀኝ ቆመ። አጣናው እጃቸውን እንዳይወጋ ልጣጩ ተልጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ነበር። የገንዘቡ ወጪ ከምንም አይቆጠርም። እኔ ግን ከሁለቱ ቤቶች ሥራ ሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህንን ነው።

የእማማ ቤት የቀበሌ ቤት ነው። የቀበሌ ቤት እንደ ራስ ቤት ዝም ብሎ አይነካም። ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያለ ወረቀት ቢነካካ ነገ ጣጣው የሚተርፈው ለአሮጊቷ ነው፣ ላደሰው አይደለም። ልጆቹ ይህን ያውቁ ነበር። ደብዳቤ አጽፈው፣ ተመላልሰው፣ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ይዘው ነው ቆርቆሮ የነቀሉት። ቅጂውን ለእማማ ሰጥተዋቸዋል። ሳጥናቸው ውስጥ አለ። በጎ ሥራ የምትሠሩ ወጣቶች ካላችሁ ይህን ልብ በሉልኝ።

አሁን ጣሪያው። አሮጌው ቆርቆሮ ዝጎ ወንፊት ሆኖ ነበር። አዲሱን ከእኔ ሱቅ ነው የገዙት፣ ይህን ደብቄ ግምገማ ብጽፍ ልክ አይሆንም። ዋጋው ረከስ ስለሚል ባለ 35 ጌጁን ሊወስዱ ነበር። ጌጅ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ነው የሚሄደው። ባለ 35 ለአጥር ይሆናል፣ ለእማማ ጣሪያ ግን ባለ 32 ውሰዱ፣ ልዩነቱን እኔ እችላለሁ አልኳቸው። ወሰዱ።

ፈርቼ የነበረው ሚስማሩን ነው። ጀማሪ ሁሉ ሚስማሩን ጎድጓዳው ላይ ይመታዋል። ቆርቆሮው እንጨቱን የሚነካው እዚያ ስለሆነ ለእጅ ይቀላል። ውሃው የሚወርደውም በዚያው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዝናብ ያፈሳል። የቆርቆሮ ሚስማር መመታት ያለበት ጉብታው ላይ ነው። በጎ ፈቃደኞች ያደሷቸው ስንት ቤቶች በዚህች ምክንያት ብቻ ሲያፈሱ አይቻለሁ።

እነዚህ ልጆች ግን ጋሼን ይዘው መጥተዋል። ጋሼ የደብሩ ምእመን ናቸው፣ ዕድሜያቸውን በአናጢነት የጨረሱ። ማንም ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት መሬት ላይ አንድ ሞራሌ አስተኙ፣ ቁራጭ ቆርቆሮ ደረቡበት፣ ልጆቹን በየተራ ሚስማር አስመቱ። አንዷ ልጅ ሚስማሩን ደጋግማ አጣመመችው። ጋሼ አልተቆጡም። ጉጠት ሰጧትና ራሷ እንድትነቅለው አደረጉ። ከዚያ እጇን ይዘው አሳዩዋት። «ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ ቆርቆሮውን ሳም ሲያደርገው አቁሚ። ከዚያ ወዲያ ከመታሽው ጎማው ይፈነዳል፣ ውሃ ያስገባል» አሏት። ያቺ ልጅ በኋላ ጣሪያ ላይ ወጥታ ስትመታ ከታች ቆሜ አይቻታለሁ። መታ መታ ታደርግና ጎንበስ ብላ ጎማውን ታየዋለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ሲቪል ምህንድስና የሚማር ልጅም አብሯቸው ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ማኅበረሰቡ ውስጥ አውጥቶ በማስተማር የታወቀ ነውና ልጁ ከሰፈር ሰው ጋር መሥራት ይችልበታል። የጣሪያውን ልክ ለክቶ ስንት ቆርቆሮ እንደሚበቃ ያሰላው እሱ ነው፣ አንድም አልተረፈም አንድም አልጎደለም። አንዱን ቆርቆሮ በሌላው ላይ ስንት ሞገድ እንደሚደርቡ ግን የወሰኑት ጋሼ ናቸው፣ እሱም ሰምቷቸዋል። የተማረው ልጅና ያረጁት አናጢ እንዲህ ተደማምጠው ሲሠሩ ማየት ደስ ይላል።

አሸንዳም አደረጉለት። እድሳት ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው አሸንዳ ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ እየፈናጠረ የጭቃውን ግድግዳ ከእግሩ ይበላዋል። ቤቱ ዘንበል ማለት የሚጀምረው ከዚያ ነው። አሁን ውሃው በአሸንዳ ወርዶ በርሜል ይገባል። እማማ በክረምት ለልብስ ማጠቢያ ውሃ አይገዙም።

ጣሪያው እስከ ዛሬ አንድ ጠብታ አላስገባም። በየዝናቡ እየሄድኩ ጠይቄያለሁ። ለጣሪያው ሙሉ ነጥብ።

የሐጂ ቤት የተሠራው በነሐሴ ነው፣ ጾመ ፍልሰታ ላይ። ልጆቹ ጾመኞች ናቸው፣ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ጠዋት ይመጣሉ። እስከ ስድስት ሰዓት ይሠሩና ወደ ቅዳሴ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። መጀመሪያ ቀን የሐጂ ባለቤት ይህን አላወቁም ነበር። ረፋዱ ላይ ቁርስ አቅርበው ማንም ሳይነካው ሲቀር ከፋቸው፣ ንቀውን ነው ብለው አሰቡ። ደብተር የያዘችው ልጅ ጠጋ ብላ ነገረቻቸው። በማግስቱ ያደረጉትን እኔው አይቻለሁ። ቅቤ ያልነካው አዲስ ድስት አወጡ። በቆሎ እሸት ቀቀሉ፣ ጎደሬ ቀቀሉ፣ ጎመኑን በዘይት ሠሩ። ሁሉንም ሸፍነው ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ ጠበቁ። ቡናውም ከዚያ በኋላ ነው የተፈላው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ።

የእኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም አብሮ ለመብላት የሚቸግረው ሥጋ ላይ ነው። በጾም ግን ሥጋ የለም። ስለዚህ እነዚያን ቀናት ሐጂም ባለቤታቸውም ልጆቹም ከአንድ ትሪ በሉ። ሐጂ ከጠገቡ በኋላ ሁልጊዜ «ገለቶማ ልጆቼ» ይላሉ። በእሳቸው ቤት የበሉት ልጆቹ፣ አመስጋኙ እሳቸው።

ሌላም ያየሁት አለ። አዛን ሲል መዶሻው ይቆማል። ማን እንዳዘዘ አላውቅም፣ ጠይቄም አላውቅም። በሁለተኛው ቀን የሐጂ የልጅ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ጭቃ መርገጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ማን የሰንበት ተማሪ፣ ማን የመድረሳ ልጅ እንደሆነ በጭቃ በተለወሰ ልብስ መለየት አይቻልም ነበር።

አሁን ጉድለቱን። የሐጂ ቤት ግድግዳ ተሰነጠቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የምርግ ጭቃ ጭድ ገብቶበት ጥቂት ቀን መቡካት አለበት። በየቀኑ እየተረገጠ፣ ውሃ እየተጨመረበት፣ ጭዱ ለስልሶ ከአፈሩ ጋር እስኪዋሃድ ድረስ ይቆያል። እነሱ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ የምንጨርስበት ቀን ተቆርጧል ብለው አንድ ሌሊት ብቻ ባደረ ጭቃ መረጉ። በዚያ ላይ ነሐሴ ነው። ፀሐይ የለም። ላዩ ሳይደርቅ ሁለተኛው ተለጠፈበት። በጓሮ በኩል ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ያለው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወረደ። በመንገድ በኩል ያለው አልወረደም፣ ግን ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረበት። ጋሼ ለግድግዳው ሥራ አልነበሩም፣ ታመው ነበር። የሚያውቅ አንድ ሰው ሲጎድል ብዙ እጅ ምንም እንደማይፈይድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚለየው። መስቀል ካለፈ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ባልዲና አካፋ ይዘው ተመለሱ። ማንም አልጠራቸውም። «እናታችን፣ ግድግዳው እንዴት ሆነ?» ብለው የሐጂን ባለቤት ጠየቁ። የወረደውን አይተው አፈሩ። ጭቃውን አቡክተው ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ለመሥራት አልደረሰም ብለው ረግጠውት ብቻ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያኛው ቅዳሜ መረጉት። ሲደርቅ ደግሞ በአመድ፣ በእበትና በነጠረ አፈር ለሰኑት። ጋሼም ተሽሏቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዝዙ ነበር። ያ ልስን አሁንም እንዳለ ነው። በበልጉ ዝናብ ማግስት ሄጄ በእጄ ዳስሼዋለሁ።

ጊዜውን በተመለከተ ለልጆቹ የነገርኳቸውን እዚህም ልድገመው። በጎ ፈቃድ ሁሉ ወደ ክረምት የሚከማቸው ተማሪው የሚያርፈው በክረምት ስለሆነ ነው። ለጭቃ ቤት ግን ክረምት ክፉ ጊዜ ነው። ጣሪያ የሚነቀለው ሰማይ ሲጠራ ነው፣ ጭቃ የሚመረገው ፀሐይ ሲኖር ነው። ጅማ ላይ ይህ ማለት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። የእማማ ጣሪያ በተነቀለበት ሌሊት ዝናብ መጥቶ ሸራ ስንይዝ አድረናል። እማማም እኔ ቤት ነው ያደሩት። እና ልጆቹን ቤት ማደሱን በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ አድርጉት፣ ለክረምት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይጠፋም አልኳቸው። ሰሙኝ። ዘንድሮ ሦስተኛውን ቤት ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ ጀመሩ። ረጅም ጊዜ ወሰደ፣ ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ። ግድግዳው ግን አንድ ስንጥቅ የለበትም።

ሁለተኛው ጉድለት ስልክ ነው። አብዛኞቹ ይጠነቀቃሉ፣ የሚያነሱት ጣሪያውንና ግድግዳውን ነው። አንድ ሁለት ልጆች ግን እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ቪዲዮ ቀርጸው ቴሌግራም ላይ ለቀውት ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታያል። የእማማ ልጅ ሌላ ከተማ ሆኖ አየውና እናቱን በስልክ አለቀሰባቸው። ሲነገራቸው አጥፍተውታል፣ ይቅርታም ጠይቀዋል። ቢሆንም ሥራ ሳይጀመር የሚታወጅ ደንብ ቢኖር ይሻላል፦ ፊት አይነሳም፣ የቤት ውስጥ አይነሳም። ገንዘብ ለሰጠ ሰው ማሳየት ካስፈለገ ሚስማሩንና ደረሰኙን ማሳየት ይበቃል።

ሌሎቹን አገልግሎቶቻቸውን በአጭሩ ልንካ። በክረምት ነፃ የማጠናከሪያ ትምህርት አላቸው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ተማሪ ብቻ መሆኑ ሲነገር ያልደነገጠ ወላጅ የለም። ልጄን የላክሁት በዚያ ድንጋጤ ነው። ሒሳቡ ጥሩ ነበር። አስተማሪው ልጅ ተማሪው እስኪገባው አይለቅም። እንግሊዝኛው ግን ደከም ያለ ነው፣ ሰዋስው ብቻ ሆነ፣ ልጆቹ አፋቸውን ሳይፈቱ ክረምቱ አለቀ።

የሆስፒታሉን አገልግሎት ብዙ ሰው አያውቀውም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከደቡብ ምዕራቡ ሁሉ ሰው የሚመጣበት ነው። ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከቤንች፣ ከኢሉባቦር በሪፈር የሚመጣ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ አስታማሚው አንድ ሰው ነው፣ አንዳንዱም ጭራሽ የለውም። ልጆቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምግብ ቋጥረው ይሄዳሉ። ምግቡ ብቻ አይደለም። መድኃኒት ገዝቶ መምጣት፣ ፀጉር ማበጠር፣ ወደ ቤተሰብ ስልክ መደወል። አማርኛ የማይችለውን በኦሮምኛ፣ አንዳንዴም በከፍኛ የሚያነጋግር ልጅ ይፈልጉለታል። ደምም ይሰጣሉ። ደም ለመስጠት ዕድሜ 18 የሞላ፣ ክብደት ከ45 ኪሎ ያላነሰ መሆን አለበት፣ በ3 ወር አንዴ ይቻላል። ጾም ላይ ሰውነት ይደክማል ብለው ቀኑን በበዓለ ሃምሳ ነው የሚያደርጉት፣ ጾም በሌለበት። በዚህ አንዳች የምነቅፈው የለኝም።

ለምትጠይቁ፦ አገልግሎቱ ነፃ ነው። ቤተሰብ ከቻለ ጭድና አጣና እንዲያዋጣ ይጠይቃሉ፣ ካልቻለ አይጠይቁም። ጥቆማ የሚቀበሉት በእድር ነው፣ ስለዚህ ለእድራችሁ ሰብሳቢ ተናገሩ። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ የኪራይ ደብተሩን አዘጋጁ። ከጥቆማ እስከ ሥራ ወራት ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ ጣሪያችሁ እስኪያፈስ አትጠብቁ። ግድግዳ ካሠራችሁ ጭቃው መቼ እንደተቦካ ጠይቁ፣ አይከፉም።

የሚያስፈልጋቸው ረጅም መሰላል ነው። አሁን የሚጠቀሙበትን ከአንድ ቀለም ቀቢ እየተዋሱ ነው፣ ቀቢው ሥራ ባገኘ ቁጥር የእነሱ ይቆማል። ሙያ ያለውም ሰው ያስፈልጋቸዋል። ጋሼ ብቻቸውን ናቸው። ግንበኛ ወይም አናጢ የሆናችሁ በወር አንድ ቅዳሜ ብትሰጧቸው ብዙ ቤት ይድናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ታገኟቸዋላችሁ። ለሚቀጥለው በጋ የሚስማሩን ነገር ለእኔ ተዉት።